የጨዋታ መሣሪያ ዕድሜና የነጋዴው ግምት

ከውጭ አገር የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ሁለት ዕድሜ አለው። አንደኛው በሠራው ፋብሪካ መዝገብ የተጻፈው ሲሆን፣ ሁለተኛው በሱቅ መደርደሪያ ላይ የሚኖረው ነው። ስኳርና ሳሙና በሚሸጥበት ሱቅ ሁለቱ ዕድሜዎች እምብዛም የማይለያዩ ስለ ሆኑ ነጋዴው በዚህ ነገር አይጨነቅም። ከቴሌቪዥን ጋር እየተያያዘ የሚሠራው የቪዲዮ ጨዋታ መሣሪያ ግን ጠባዩ እንደዚህ አይደለም። አንዱ በወጣ በመጀመሪያው ወር ወረፋ አስይዞ በሦስተኛው ዓመት በመጋዘን አቧራ ይለብሳል፤ ሌላው ደግሞ ታናሽ ወንድሙ ከተወለደ በኋላ እንኳ ስድስት ዓመት ሲሸጥ ይኖራል። ስለዚህም ይህን ዕቃ ለሚያስመጣና ለሚቸረችር ሰው ዋናው ጥያቄ «ዛሬ ስንት ይሸጣል?» የሚለው ሳይሆን «እስከ መቼ ይሸጣል?» የሚለው ነው።

ጥያቄው በዚህ ጊዜ እንዲነሣ ያደረገ ምክንያት አለ። ኒንተንዶ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ስዊች የሚሉትን መሣሪያ እ.ኤ.አ. ማርች 3 ቀን 2017 ለገበያ ካቀረበ ወዲህ እስከ ሴፕቴምበር 2025 መጨረሻ ድረስ 154 ሚሊዮን ከ10 ሺህ ያህል አሰራጭቷል። (ከዚህ በታች የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ያስተውል።) ተተኪው ስዊች 2 ጁን 5 ቀን 2025 ወጥቶ በአራት ቀን ውስጥ ከ3 ሚሊዮን ተኩል በላይ ተሸጠ። ኩባንያው እስከ ማርች 2026 ድረስ 15 ሚሊዮን እሸጣለሁ ብሎ ገምቶ ነበር፤ በኖቬምበር 2025 ግምቱን ወደ 19 ሚሊዮን ከፍ አደረገ። ወዲያውም የትንቢት ገበያ ደራ። አንዱ አዲሱ ከአንጋፋው ይበልጣል ይላል፤ ሌላው ዋጋው የከበደ ስለ ሆነ በአራተኛው ዓመት ይደክማል ይላል። ይህን የመሰለ ትንቢት አዲስ መሣሪያ በወጣ ቁጥር ይሰማል። ትንቢቱን የሚናገሩት ሰዎች ግን ነገሩ እንዳሉት ሳይሆን በቀረ ጊዜ ከኪሳቸው የሚወጣ አንድም ሳንቲም የለም። ገንዘቡ የሚወጣው ዕቃውን አዝዞ የባንክ ሰነድ ከፍቶ ከሚጠብቀው ነጋዴ ነው።

አንዳንድ አስመጪዎች «ዕቃውን የሠራው ኩባንያ ከማንም በላይ ያውቃልና በእርሱ ግምት እንታዘዝ» ይላሉ። አነጋገሩ ለጆሮ ይጥማል፤ ታሪኩ ግን አይደግፈውም። ይኸው ኒንተንዶ በኖቬምበር 2012 ዊ ዩ የተባለ መሣሪያ አወጣ። ከኤፕሪል 2013 ጀምሮ ባለው የሒሳብ ዓመት 9 ሚሊዮን ይሸጣል ብሎ ገመተ፤ በጃንዋሪ 2014 ግምቱን በአንድ ጊዜ ወደ 2 ሚሊዮን 800 ሺህ አወረደው፤ ዓመቱ ሲዘጋ የተገኘው 2 ሚሊዮን 720 ሺህ ብቻ ሆነ። በዘጠኙ ሚሊዮን ተማምኖ ያዘዘ ባለሱቅ ቢኖር ከአሥር እጅ ሰባቱ ዕቃ በራሱ ላይ ቀረበት ማለት ነው። መሣሪያው በጠቅላላ 13 ሚሊዮን 560 ሺህ ያህል ተሰራጭቶ በጃንዋሪ 2017 ሥራው ቆመ።

በስዊችም ላይ ኩባንያው በሌላ በኩል ተሳሳተ። በመጀመሪያው ሙሉ የሒሳብ ዓመት 10 ሚሊዮን አለ፤ 15 ሚሊዮን ከ50 ሺህ ሆነ። በዚህ ልቡ ሞቆ ለሚቀጥለው ዓመት 20 ሚሊዮን አለ፤ 17 ሚሊዮን እንኳ አልሞላም። ከኤፕሪል 2020 ጀምሮ ላለው ዓመት በጥንቃቄ 19 ሚሊዮን አለ፤ 28 ሚሊዮን 830 ሺህ ተገኘ። በዚህ ዓመት ላይ ዓለምን በያዘው ወረርሽኝ ምክንያት ሕዝቡ በየቤቱ ተዘግቶ ነበር፤ በማርች 2020 የወጣው አኒማል ክሮሲንግ የተባለው ጨዋታም በስድስት ሳምንት ውስጥ ከ13 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል። ማንም ቀማሪ ይህን አስቀድሞ ሊያውቅ አይችልም ነበር። ከዚያ በኋላ ደግሞ ገዢው እያለ የኤሌክትሪክ ቺፕ ጠፋና ግምቱ እንደገና ዝቅ አለ። እንግዲህ ፋብሪካው፣ ሠራተኛውና የጨዋታው ዝርዝር ሁሉ በእጁ ያለ ኩባንያ እንዲህ ከሳተ፣ በሩቅ የሚገኝ ነጋዴ የወጣውን ቁጥር እንደ ውል መቁጠሩ ትልቅ ስሕተት ነው።

ይሁን እንጂ ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲያው ሁሉም ዕጣ ነው» ማለትም አይገባም። ቁጥሮቹን ጎን ለጎን አድርጎ በጥሞና ለተመለከተ ሰው የሚናገሩት ነገር አላቸው። ለዚህም ከሁሉ የሚሻለው ምሳሌ በዚያው በኒንተንዶ ቤት የሚገኘው የዊ እና የስዊች ታሪክ ነው።

ዊ በኖቬምበር 2006 ወጣ። ብትሩን ይዘው እጃቸውን እየወዘወዙ የሚጫወቱበት ስለ ነበር አያትና የልጅ ልጅ አብረው ተጫወቱበት። በማርች 2010፣ ማለት በሦስት ዓመት ከአራት ወር ውስጥ፣ ወደ 71 ሚሊዮን ገደማ ደረሰ። ስዊች በበኩሉ በማርች 2020፣ ሦስት ዓመት ከአንድ ወር ሲሞላው፣ 55 ሚሊዮን 770 ሺህ ላይ ነበር። ሁለቱን በዚህ ዕድሜያቸው ያመዛዘነ ሰው ያለ ጥርጥር ለዊ ይፈርድ ነበር። የሆነው ግን የተገላቢጦሽ ነው። ዊ ከዚያ በኋላ በየዓመቱ 15፣ ቀጥሎ ከ10 በታች፣ ቀጥሎ 4 ሚሊዮን ገደማ እየሸጠ ቁልቁል ወርዶ በ101 ሚሊዮን 630 ሺህ አበቃ። ስዊች ደግሞ 28፣ 23፣ 18፣ 15፣ 10 ሚሊዮን ገደማ እያለ ዝግ ብሎ ወረደ። አንዱ ከገደል ወደቀ፤ ሌላው በዳገት ቁልቁለት ተራመደ። ሁለቱም የአንድ ኩባንያ ልጆች ናቸው፤ የሁለቱም ጅማሬ ያማረ ነበር፤ ታዲያ ልዩነቱ ከየት መጣ?

ልዩነቱ በገዢው ዓይነት ላይ ነው። ዊን ከገዙት እጅግ ብዙዎቹ ከጃፓን ውጭ ከመሣሪያው ጋር በአንድ ካርቶን ተጨምሮ የሚሰጠውን የስፖርት ጨዋታ ተጫውተው ከጠገቡ በኋላ ወደ ሱቅ አልተመለሱም። ደንበኛው አንድ ጊዜ ገዝቶ የሚሄድ እንግዳ ነበር። በዚያው ዘመን የሰው ቴሌቪዥን እየጠራ ሲሄድ የዊ ሥዕል ደብዛዛ ሆኖ ቀረ፤ ለቀላል ጨዋታ የሚፈልገው ሰው ደግሞ በእጁ ስልክ ያዘ። ጨዋታ የሚሠሩት ሌሎች ኩባንያዎችም አንድ በአንድ ተለዩት። ስዊች ግን በቤትም በመንገድም የሚሠራ በመሆኑ ቀድሞ በሁለት ዕቃ ይደረግ የነበረውን በአንዱ አደረገ። በ2019 ስዊች ላይት የተባለው ትንሹና ርካሹ፣ በ2021 ደግሞ መስኮቱ የተሻለው ስለ ወጡ፣ በአንድ ቤት ውስጥ ሁለትና ሦስት መሣሪያ መገኘት ጀመረ። ከሁሉም በላይ ገዢው እየተመለሰ ጨዋታ ገዛ። በኤፕሪል 2017 የወጣው ማሪዮ ካርት 8 ዴሉክስ የተባለው የመኪና እሽቅድምድም በስምንት ዓመት ውስጥ ከ68 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል፤ ጠቅላላው የስዊች ጨዋታ ደግሞ በማርች 2025 ከ1 ቢሊዮን 300 ሚሊዮን አልፎ ነበር። ይህም ለእያንዳንዱ መሣሪያ ከስምንት የማያንስ ጨዋታ ይደርሰዋል ማለት ነው።

እንግዲህ ነጋዴው የአንድን መሣሪያ ዕድሜ ለመገመት ቢፈልግ፣ የመሣሪያውን ቁጥር ብቻ ከመቁጠር ይልቅ ደንበኛው ለሁለተኛና ለሦስተኛ ጊዜ መመለሱን ቢመለከት ይበልጥ ይጠቅመዋል። ይህን ለማወቅ የጋዜጣ ትንቢት አያስፈልገውም። በገዛ ሱቁ መዝገብ ላይ ባለፈው ዓመት መሣሪያ ከገዙት ሰዎች ዘንድሮ ስንቱ ጨዋታ፣ ጆይስቲክ ወይም መሸፈኛ ሊገዙ እንደ መጡ ቢያይ ይበቃዋል። ብዙ ባለሱቆች ግን ይህን አይመዘግቡም፤ የዕለቱን ሽያጭ ደምረው መዝገቡን ይዘጉታል።

የመጀመሪያው ወር ግርግር ምን ያህል እንደሚያታልል የሚያስረዳው የሴጋ ድሪምካስት ነው። ይህ መሣሪያ በአሜሪካ አገር ሴፕቴምበር 9 ቀን 1999 በወጣ በአንድ ቀን ውስጥ ወደ 98 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ሽያጭ ተገኘ ተብሎ በዓለም ተወራ። ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላው፣ በጃንዋሪ 2001 መጨረሻ፣ ሴጋ ሥራውን ማቆሙን አስታወቀ። ጠቅላላው ሽያጭ 9 ሚሊዮን ገደማ ነበር። በዚያን ጊዜ ኤሌክትሮኒክ አርትስ የተባለው ትልቅ የጨዋታ ኩባንያ ለድሪምካስት አልሠራም ብሎ ነበር፤ ሶኒም ፕሌይስቴሽን 2 እንደሚመጣ አስቀድሞ ስላወጀ ብዙ ሰው ገንዘቡን ይዞ ጠበቀ። እነዚህ ሁለት ነገሮች በመጀመሪያው ቀን ሽያጭ ላይ አይታዩም፤ ነገር ግን ዕቃው ገና ከመርከብ ሳይወርድ ለሚጠይቅ ሁሉ የታወቁ ነበሩ።

ያ ሲጠበቅ የነበረው ፕሌይስቴሽን 2 ደግሞ የዚህ ንግድ ማቱሳላ ሊባል ይቻላል። በጃፓን ማርች 4 ቀን 2000 ወጥቶ ሥራው የቆመው በ2013 መግቢያ ላይ ነው። በኖቬምበር 2006 ፕሌይስቴሽን 3 ሲወጣ የዚያ ዘመን ጠንቋዮች ሁሉ አሮጌው አለቀለት ብለው ነበር። አዲሱ በአሜሪካ 500 እና 600 ዶላር ይጠየቅበት ስለ ነበር ብዙ ሕዝብ በአሮጌው ጸና። አሮጌው በ2000 ሲጀመር 300 ዶላር የነበረው ዋጋ ደረጃ በደረጃ ወርዶ በ2009 ወደ 100 ዶላር ደረሰ። ገና ከጅምሩም የፊልም ዲስክ የሚያጫውት ስለ ነበር ሁለት ዕቃ በአንድ ዋጋ የተገዛ ያህል ነው። በዚህ ሁሉ ከ160 ሚሊዮን በላይ ተሰራጨ። ፊፋ 14 የተባለው የእግር ኳስ ጨዋታ በ2013 ሲወጣ ለዚሁ ለዐሥራ ሦስት ዓመቱ መሣሪያ ጭምር ተሠርቷል። በአዲስ አበባ ሰፈሮች በየጨዋታው እየከፈሉ ልጆች የሚጫወቱባቸውን ቤቶች የሚያውቅ አንባቢ የዚህን ምሥጢር ለመረዳት አይቸገርም። በእነዚያ ቤቶች ገበያውን የያዘው የሥዕሉ ጥራት ሳይሆን ኳሱ ነው። ኳስ እስካለ ድረስ መሣሪያው አላረጀም፤ ባለቤቱም ጆይስቲክ ሲሰበርበት ለመለወጥ ወደ ሱቅ ይመለሳል።

ከዚህ ላይ ስለ ዋጋ አንድ ነገር መናገር ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ብዙ ነጋዴ እስከ ዛሬ የሚመራበት ልማድ ፈርሷልና ነው። ልማዱ «የጨዋታ መሣሪያ በየጊዜው ይረክሳል፤ ስለዚህ ዘግይቶ የሚገዛ ይጠቀማል» የሚል ነበር። የዚህም እውነተኛነት በ2011 ታይቷል። ኒንተንዶ 3ዲኤስ የተባለው የእጅ መሣሪያ በማርች ወር በአሜሪካ በ250 ዶላር ወጥቶ ስላልተሸጠ፣ አምስት ወር ሳይሞላው ዋጋው ወደ 170 ዶላር ወረደ፤ የኩባንያው ፕሬዚዳንት ሳቶሩ ኢዋታም ስለዚህ ጉዳይ ደመወዛቸውን በግማሽ ቀነሱ። መሣሪያው ከዚህ በኋላ ተነሥቶ ወደ 76 ሚሊዮን ገደማ ደረሰ። ለኩባንያው መልካም ሆነ፤ በሐምሌ በውድ ገዝቶ መደርደሪያውን የሞላው ቸርቻሪ ግን ያን 80 ዶላር ከማን ይቀበል?

አሁን ያለው አዝማሚያ የዚህ ተቃራኒ ነው። ፕሌይስቴሽን 5 በኖቬምበር 2020 በአሜሪካ በ500 ዶላር ተጀምሮ በኦገስት 2025 ወደ 550 ዶላር ከፍ አለ። ስዊችም ለስምንት ዓመት በ300 ዶላር ከቆየ በኋላ፣ ተተኪው ከወጣ ከሁለት ወር በኋላ፣ በዚያው በኦገስት 2025 ወደ 340 ዶላር ወጣ። አሮጌ ዕቃ ሲያረጅ ሲወደድ ማየት በዚህ ንግድ ያልተለመደ ነገር ነው። ከዚህም ሁለት ነገር ይከተላል። ፊተኛው፣ እንደ ፕሌይስቴሽን 2 በመርከስ ብቻ ዕድሜ ማራዘም ለዛሬዎቹ መሣሪያዎች አስቸጋሪ እየሆነ ነው። ሁለተኛው፣ በእጅ ላይ ያለ ንጹሕና ያገለገለ ዕቃ ዋጋውን ይዞ ይቆያል። ስለዚህ ያገለገለ መሣሪያ እየገዛ የሚሸጠውን ትንሽ ሱቅ መናቅ አይገባም፤ ምናልባትም ከትልቁ አስመጪ ይልቅ የሰመረለት እርሱ ይሆናል።

ቁጥር ሲነበብ ደግሞ የቁጥሩን ዓይነት መለየት ግዴታ ነው። ኩባንያዎች «ተሸጠ» ብለው የሚያወጡት በአብዛኛው ከፋብሪካ ወጥቶ ለአከፋፋይና ለሱቅ የተላከውን ነው እንጂ በሕዝብ ቤት የገባውን አይደለም። በመካከሉ ያለው ሁሉ በነጋዴው መጋዘን ይገኛል፤ የነጋዴው ጭንቀት በኩባንያው መዝገብ ላይ እንደ ስኬት ይጻፋል ማለት ነው። ዊ ዩ ከኤፕሪል እስከ ጁን 2013 ባሉት ሦስት ወሮች በመላው ዓለም 160 ሺህ ብቻ ተልኮ ነበር። ከዚያ በፊት የተላከው በየሱቁ ተከምሮ ስለ ነበር ጥቂት ቸርቻሪ ብቻ ጨምሮ እንዳዘዘ መገመት አያዳግትም። ማይክሮሶፍት ደግሞ ከ2015 ጀምሮ ኤክስቦክስ ምን ያህል እንደ ተሸጠ መናገሩን ትቷል፤ ሻጭ ቁጥሩን በደበቀ ጊዜ ገዢ ምክንያቱን ለመገመት መብት አለው።

በዚህ ረገድ ከሁሉ የሚያሳዝነው በ1980ዎቹ መጀመሪያ በአታሪ ላይ የደረሰው ነው። ኩባንያው ኢ.ቲ. በተባለው ፊልም ስም የተሠራውን ጨዋታ በ1982 መጨረሻ በሚሊዮን የሚቆጠር አሳትሞ በየሱቁ በተነ። ዕቃው ተመልሶ መጣ። በሴፕቴምበር 1983 ያልተሸጠውን ጨዋታ በከባድ መኪና ጭነው በኒው ሜክሲኮ ክፍለ አገር አላሞጎርዶ በተባለ ከተማ በቆሻሻ መጣያ ጕድጓድ ቀበሩት። ነገሩ ለብዙ ዘመን እንደ ተረት ሲወራ ቆይቶ በኤፕሪል 2014 ተቆፍሮ ወጣ። በአሜሪካ አገር ያሉ ሱቆች ከዚያ ኪሣራ በኋላ ለሁለት ዓመት ያህል የጨዋታ ዕቃ አናይም ብለው ነበር።

እስካሁን የተነገረው ስለ ፋብሪካው ዕድሜ ነው። የሱቁ ዕድሜ ግን ከዚህም እየተለየ ይሄዳል፤ ለዚህ ጋዜጣ አንባቢ ይልቁንም የሚያስፈልገው ይህ ነው። ጨዋታ በዲስክና በካርድ ብቻ ይሸጥ በነበረበት ዘመን መሣሪያ የገዛ ደንበኛ ለሚቀጥሉት አምስት ዓመታት የባለሱቁ ደንበኛ ነበር። ፕሌይስቴሽን 5 ሲወጣ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ዲስክ የማይቀበል፣ 100 ዶላር የሚረክስ ዓይነት አብሮ ወጣ። ይህን የገዛ ሰው ጨዋታውን ሁሉ በኢንተርኔት ከሶኒ ይገዛል፤ ባለሱቁን የሚያውቀው አንድ ቀን ብቻ ነው። ለስዊች 2 ከሚሸጡት ካርዶችም አንዳንዶቹ ጨዋታውን በውስጣቸው አልያዙም፤ ካርዱ ቁልፍ ብቻ ነው፤ ጨዋታው ከኢንተርኔት መውረድ አለበት። ይህ በሳጥኑ ላይ ተጽፏል። ኢንተርኔቱ ለደከመበት ሰፈር እንዲህ ያለውን ካርድ ሳያስረዳ የሚሸጥ ባለሱቅ፣ ማግስቱን ደንበኛው በቁጣ ተመልሶ ቢመጣበት ሊገርመው አይገባም። ኩባንያው ሱቁን የዘጋ ዕለትም መሣሪያው በከፊል ይሞታል። ኒንተንዶ ለዊ ዩ እና ለ3ዲኤስ የከፈተውን የኢንተርኔት ሱቅ በማርች 2023 ለገዢ ዘግቷል፤ በካርድ የገዛ ሰው ግን ዛሬም ይጫወታል።

ታዲያ አስመጪው ምን ያድርግ? በአንድ ጊዜ የዓመቱን ዕቃ ጠቅልሎ ማዘዝ ይቅርና በሦስት ወይም በአራት ጊዜ ከፋፍሎ ማዘዝ ይገባዋል። ይህን ሲሰሙ ብዙዎች «ትንሽ ጭነት የመርከቡን ኪራይና የባንኩን ወጪ ያከብዳል» ብለው ይቃወማሉ። ክርክራቸው ሐሰት አይደለም፤ ወጪው በእርግጥ ይጨምራል። ነገር ግን የሚጨምረው ወጪ ሲታዘዝ የሚታወቅ ሲሆን፣ የቀረ ዕቃ የሚያስከትለው ኪሣራ ግን ልክ የለውም። ከዚህም ጋር በሐምሌ 2024 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ግድም ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብር ማለፉ አይዘነጋም። ያን ጊዜ ዕቃ በእጁ የነበረው ተጠቀመ ይባል ይሆናል፤ በአሮጌው ዋጋ ሸጦ በአዲሱ ምንዛሪ የሚተካ ግን ምን ያህል እንደ ተጎዳ ከራሱ በቀር የሚያውቅ የለም። የምንዛሪውን ትርፍ ከመሣሪያው ትርፍ ጋር ቀላቅሎ «መሣሪያው ያዋጣል» ማለት የሒሳብ አያያዝ ጕድለት ነው።

መሣሪያው ራሱ ለቸርቻሪው የሚተወው ትርፍ ቀጭን ነው። ስለ ሆነም ገንዘቡ ሁሉ በመሣሪያ ላይ እንዳይውል፣ ከፊሉ በጨዋታ፣ በጆይስቲክ፣ በቻርጀርና በመሳሰለው ዕቃ ላይ ቢውል ይሻላል። በዚህም ላይ ቢሆን መሣሪያው ሲለወጥ የትኛው እንደሚሞትና የትኛው እንደሚተርፍ መለየት ያስፈልጋል። የአንጋፋው ስዊች ጨዋታዎች እጅግ ብዙዎቹ በስዊች 2 ላይ ይሠራሉ፤ ስለዚህ በሱቅ ያለው የቀድሞ ካርድ አልሞተም፤ በችኰላ አርክሶ መጣል ስሕተት ነው። መሸፈኛውና ቦርሳው ግን አዲሱ በመጠን ስለ ሚበልጥ አይገጥሙም። ተራው ሚሞሪ ካርድም ጨዋታ ለማስቀመጥ በአዲሱ ላይ አያገለግልም፤ አዲሱ የሚፈልገው ማይክሮ ኤስዲ ኤክስፕረስ የሚባለውን ፈጣኑንና ውዱን ነው። ቅርጹ አንድ ስለ ሆነ ደንበኛው አይለየውም፤ ባለሱቁ ካልነገረው በቀር።

ስዊች 2 ስንት ዓመት ይኖራል ለሚለው ጥያቄ አሁን በቁጥር የሚመልስ ሁሉ ይደፍራል። ሆኖም በአራት ቀን 3 ሚሊዮን ተኩል መሸጡ ስለ 2031 የሚናገረው ነገር የለም፤ የድሪምካስትም ጅማሬ ያማረ ነበር። የሚታየው በሦስተኛው ዓመት ነው፤ በ2027 እና በ2028 የኒንተንዶ ያልሆኑ ኩባንያዎች ትልልቆቹን ጨዋታዎቻቸውን ይሠሩለት እንደ ሆነ፣ ርካሽና ትንሽ ወንድም ይወጣለት እንደ ሆነ፣ የአሮጌው ባለቤቶችም ወደ አዲሱ ይሻገሩ እንደ ሆነ። እስከዚያው ድረስ የዓመት ዕቃ በአንድ ጊዜ የሚያዝዝ ሰው ንግድ ሳይሆን ውርርድ ላይ ነው።

ከዚህ ሁሉ ሌላ፣ በዚህ ወራት ከጃፓን በቀጥታ ዕቃ ለማስመጣት የሚያስቡ ነጋዴዎች አንድ ነገር ያስተውሉ። ስዊች 2 በጃፓን ሁለት ዓይነት ሆኖ ወጥቷል። አንዱ በ49,980 የን፣ ሌላው በ69,980 የን ይሸጥ ነበር። ሁለቱ በመልክ አንድ ናቸው። ርካሹ ግን በጃፓንኛ ቋንቋ ብቻ የሚሠራ ሲሆን፣ በጃፓን አገር ከተከፈተ የኒንተንዶ ሒሳብ በቀር ሌላ አይቀበልም። የ20 ሺህ የኑን ልዩነት አይቶ በርካሹ ሳጥን የሚያዝዝ አስመጪ፣ አዲስ አበባ ሲደርስ በእንግሊዝኛ እንኳ የማይናገር ዕቃ ይዞ ይቀመጣል። ስለዚህ ከሻጩ ፕሮፎርማ ሲቀበል የብዙ ቋንቋው ዓይነት መሆኑ በስምና በሞዴል ቁጥር ተጽፎ መገኘቱን፣ በባንኩ ሰነድም ላይ ይኸው ቃል መግባቱን ገንዘቡ ከመላኩ በፊት ይመርምር።